ረቂቄን ልጨርስ ወይስ ለውድድሩ ልጻፍ?

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው። ጠያቂዋ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። 28 ዓመቴ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ሥራ ገብቼ ማታ 1 ሰዓት እወጣለሁ፤ የማርፈው እሑድ ብቻ ነው። ረጅም ልብወለድ ጀምሬ ምዕራፍ ሰባት ላይ ቆሜያለሁ። አራት አጫጭር ልብወለዶችም አሉኝ፤ ያለቀው ግን አንዱ ብቻ ነው። የውድድር ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ ለዚያ የሚሆን አዲስ እጀምራለሁ። ወይ ቀኑ ያልፍብኛል፣ ወይ እንደነገሩ ጨርሼ እልካለሁ። ሁለቴ ልኬ ‹ደርሶናል› እንኳ ያለኝ የለም። አሁን ደግሞ ‹ተስፋ› በሚል ርእስ ውድድር ወጥቷል፤ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ልብወለዴን ላቁመውና ለዚህ ልጻፍ? ወይስ ውድድር የሚባለውን ነገር እርግፍ አድርጌ ልተወው?»

እህቴ፣ ሁለቱንም አታድርጊ። ልብወለዱም ይቀጥል፣ ውድድሩም ይኑር። መቅረት ያለበት አንድ ነገር ነው፤ ማስታወቂያ አይቶ ከባዶ መጀመር። ጊዜሽን የሚበላው እሱ ነው።

በሙያዬ አርታኢ ነኝ። የአጭር ልብወለድ ውድድሮች ላይም በዳኝነት ተቀምጫለሁ። ከዳኞች በኩል ነገሩ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፤ ምክሬ የሚነሳው ከዚያ ነው።

ውድድሩ ርእስ ካለው፣ ከሚደርሱን ጽሑፎች አብዛኞቹ ለዚያ ርእስ ተብለው በጥድፊያ የተጻፉ ናቸው። ያስታውቃሉ። ርእሱ «ተስፋ» ከሆነ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ተስፋነሽ ትባላለች። ወንድ ከሆነ ተስፋዬ። መጀመሪያው ገጽ ላይ ትታመማለች ወይም ከሥራ ትባረራለች፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ፀሐይ ትወጣለች። መሀል ላይ አንድ ሽማግሌ ብቅ ብለው የታሪኩን ትርጉም ያስረዳሉ። ጸሐፊዎቹ ችሎታ አጥተው አይደለም። ጊዜ አጥተው ነው። ጊዜ ያጠረው ሰው መጀመሪያ የመጣለትን ነገር ይጽፋል። መጀመሪያ የሚመጣው ነገር ደግሞ ለሁላችንም ያው አንድ ነው።

ዳኛን ቀና ብሎ እንዲቀመጥ የሚያደርገው ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ነው። ርእሱ ከመውጣቱ በፊት የነበረ ታሪክ። ስለ ተስፋ ልጻፍ ተብሎ ያልተጀመረ፣ ተስፋው ግን ውስጡ ያለ። ለምሳሌ በየሳምንቱ እየመጣ የአንድ መድኃኒት ዋጋ ብቻ ጠይቆ የሚሄድ ሰው ታሪክ። ይህን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ከባንኮኒው ወዲያ ቆሞ «ዛሬስ ስንት ገባ?» የሚለውን ሰው ስንት ጊዜ አይተሽዋል። እንዲህ ያለ ታሪክ ለ«ተስፋ» ውድድርም፣ ለ«ጤና» ውድድርም፣ ርእስ ለሌለውም ይሆናል።

ስለዚህ ወደ ውድድር የሚሄደው ያለቀ ሥራ ነው። ማስታወቂያ ሲወጣ ካለቁት ውስጥ ትመርጫለሽ። የሚስማማ ካለ ትልኪያለሽ፤ ከሌለ ታሳልፊዋለሽ። ማሳለፍ ያንገበግባል፤ አውቃለሁ። በተለይ ሽልማቱ ዳጎስ ያለ ከሆነ። ግን በዓመቱ ውስጥ ሌላ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የምትልኪው ነገር ይኖርሻል።

ችግሩ ያለሽ ያለቀ ሥራ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ከአንድ ነገር ደግሞ ምርጫ የለም። ስለዚህ የሦስቱ አጫጭር ታሪኮች መጨረሻ ይቀድማል።

ልብወለዱስ? እሱን በተመለከተ ደስ የማይልሽን ልናገር። ምዕራፍ ሰባት ላይ መቆምሽ የአጋጣሚ አይመስለኝም። የረጅም ልብወለድ መጀመሪያ ይጣፍጣል። ሰዎቹ አዲስ ናቸው፣ ቤቱ አዲስ ነው፣ ምስጢሩ ገና አልተነካም። ስድስት ሰባት ምዕራፍ ከሄድሽ በኋላ ግን ለጀመርሽው ሁሉ መልስ መስጠት ይመጣል። ያቺ ሴት ለምን ከባሏ ቤት ወጣች? ገንዘቡን የወሰደው ማን ነው? እዚያ ላይ መልሱ ካልመጣልሽ መቀመጥ ያስጠላል። ልክ በዚያ ሰዓት የውድድር ማስታወቂያ ብቅ ሲል እንደ ገላጋይ ይታያል። «ልብወለዱን አልተውኩትም፣ ውድድር ስላለብኝ ነው» ማለት ይቻላል። ብዙ ጀማሪዎች ለዓመታት እንዲህ ይኖራሉ። ሁልጊዜ እየጻፉ ነው፤ የሚያልቅ ነገር ግን የለም።

ስለዚህ ምዕራፍ ሰባት ላይ ከመቀመጥሽ በፊት አንድ ወረቀት ውሰጂ። ዋናው ሰውሽ በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ምን ይፈልጋል? ማን ይከለክለዋል? ባያገኘው ምን ያጣል? በተራ አማርኛ፣ በደብዳቤ ቋንቋ ጻፊው። ካልመለስሽው የተሰናከልሽው እዚያ ነው፤ ምዕራፉን ደጋግመሽ ብትጽፊውም አይነቃነቅም። አንዳንዴ ደግሞ ስህተቱ ሰባት ላይ ሳይሆን አራት ላይ ነው። አንድ ሰው ያለ ምክንያት ይቅር ብሏል፤ ከዚያ ወዲህ የሚጣሉበት ነገር ጠፍቷል።

አሁን ወደ ቀን ተቀን ኑሮሽ። ሁለት ጥሬ ረቂቅ በአንድ ጊዜ አትያዢ። አንድ የሚጻፍ፣ አንድ የሚታረም፤ በቃ። ሁለቱ ሥራዎች የተለያየ ጉልበት ነው የሚፈልጉት። ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ውለሽ፣ የሐኪም የእጅ ጽሑፍ ስትፈቺ ውለሽ፣ ማታ ባጃጅ ተጋፍተሽ ቤት ስትገቢ አዲስ ትዕይንት ከየት ይመጣል? የተጻፈ ዐረፍተ ነገር መቁረጥ ግን ትችያለሽ። እንዲያውም የደከመ ሰው ጎበዝ አራሚ ነው፤ አሰልቺ አንቀጽ ላይ ቶሎ ይሰለቻል።

እንግዲህ ጠዋት ከሥራ በፊት ያለው ጊዜ የልብወለዱ ነው። ግማሽ ሰዓትም ይሁን። ስልክሽ ዳታው ሳይከፈት። ማታ ደግሞ ከሦስቱ አጫጭር ታሪኮች አንዱን ታርሚያለሽ፤ በየቀኑ ባይሆን ግድ የለም። እሑድ ለቅሶ፣ ሠርግና ማኅበር ካልመጣብሽ ረዘም ብለሽ ተቀመጪ። ከመጣብሽ ሂጂ። ለቅሶ ቤት የምትሰሚውን ወሬ የትም ጽሕፈት ቤት ተቀምጠሽ አታገኚውም። የውድድር ማስታወቂያ ማሰስ፣ ደንብ ማንበብ፣ መላክ፣ ይህ ሁሉ በሳምንት አንድ ምሽት ይበቃዋል። ከዚያ ውጪ አትክፈቺው።

መብራት ይጠፋል፣ ስልክም ይሰረቃል። የጻፍሽውን በየምሽቱ ወደ ራስሽ ኢሜይል ወይም ወደ ቴሌግራም ማስቀመጫሽ ላኪው። በዚህ ነገር ላይ ሌላ ምክር አያስፈልግሽም።

ታሪኩ ከተጻፈ በኋላ ይደር። ሁለት ሦስት ሳምንት አትንኪው። ያላደረ ረቂቅ ሳይቦካ እንደተጋገረ እንጀራ ነው፤ ዓይን የለውም። ለውድድር ተብሎ በጥድፊያ የተጻፈ ነገር ትልቁ ጉድለቱ ይኸው ነው። ጸሐፊዋ እንደ ሌላ ሰው ሆና የምታነብበት ቀን አላገኘችም።

ከዚያ ጮክ ብለሽ አንብቢው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ የዐረፍተ ነገሮቹ ጭራ ይመሳሰላል። «ዝናብ ይዘንብ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ነበር። ልጁ ተኝቶ ነበር።» በዓይን ሲታይ ምንም አይል፤ በጆሮ ሲሰማ ግን ይደክማል። አንባቢው ነገሩ ያለፈ መሆኑን ከመጀመሪያው «ነበር» ያውቃል። ከተከታዮቹ ብዙዎቹን ማውጣት ይቻላል። ሌላው የ«ና» ሰንሰለት ነው። «ተነሳችና ታጠበችና ቡናውን ጣደችና» እያለ የሚሄድ ዐረፍተ ነገር በጨዋታ ላይ ያምራል። ገጹን ሙሉ ከሆነ ግን አንባቢው ዋናው ድርጊት የቱ እንደሆነ ይጠፋበታል።

ምልልሱ ላይ ማን ለማን «አንተ»፣ ማን ለማን «አንቱ» ወይም «እርስዎ» እንደሚል ተከታተዪ። ገጽ ሁለት ላይ አማቷን «እርስዎ» ያለች ምራት ገጽ አምስት ላይ «አንቺ» ካለች፣ ዳኛው ጸሐፊዋ ገጸ ባሕርይዋን እንደረሳቻት ይጠረጥራል። በምክንያት ከሆነ ግን ተጠቀሚበት። በእኛ ቤት ትልቅ ጠብ አንዳንዴ የሚጀምረው ስድብ ሳይኖር፣ አክብሮቱ ሲቀር ነው።

የጽሕፈት ነገርም አለ፤ ትንሽ ይመስላል እንጂ ብዙ ሰው ይጎዳል። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የድሮ ፊደላት የተተየበ ጽሑፍ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል። አዘጋጁ ደግሞ ፊደል ፍለጋ አይሄድም። እንደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ባለ፣ በየኮምፒውተሩ በሚነበብ ዩኒኮድ ፊደል ጻፊ። ስልክሽ ላይ የምትጽፊው ዩኒኮድ ስለሆነ እሱ አያሳስብሽ። ደንቡ ከፈቀደ ፒዲኤፍ ጨምረሽ ላኪ። ስሞችን በአንድ ዓይነት ፊደል ያዢ። ሰላም አንዴ በእሳቱ «ሰ»፣ አንዴ በንጉሡ «ሠ» ከተጻፈች ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያደርጋታል። ስሟን ልትቀይሪ ስትፈልጊ ግማሹ ሳይቀየር ይቀራል፤ ዳኛውም «ይህቺ ደግሞ ማን ናት?» ይላል።

አሁን ስለ ደንብ። ማስታወቂያውን አንድ ጊዜ ለጉጉት፣ ሁለተኛ ጊዜ ለሥራ አንብቢው። ስም ጽሑፉ ላይ አይኑር ከተባለ ራስጌም ግርጌም፣ የፋይሉ ስም ላይም አይኑር። ዳኞች ብዙ ጊዜ ስም ሳያዩ ነው የሚያነቡት፤ ስምሽ ከታየ ጽሑፉ ሳይነበብ ሊወጣ ይችላል። የገጽ ወይም የቃል ገደብ ካለ አክብሪው። በወረቀት አምጡ የሚሉም አሉ፤ ከአዳማ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና የመጨረሻውን ቀን አትጠብቂ።

ብዙዎች የሚወድቁበት «ከዚህ በፊት ያልታተመ» የሚለው መስመር ነው። ቴሌግራም ቻናል ላይ የለጠፍሽው፣ ፌስቡክ ላይ በክፍል በክፍል ያወጣሽው፣ ሬዲዮ ላይ የተተረከው ታሪክ ለብዙ አዘጋጆች የወጣ ሥራ ነው። ደንቡ በግልጽ ካልተናገረ ጠይቂ። ላይክ ማግኘት አይጠላም፤ እኔም አልጠላም። ግን ለቻናል የሚሆነውንና ለውድድር የሚቀመጠውን ቀድመሽ ለዪ። አጫጭር ወጎችን ለጥፊ፤ ዋና ታሪኮችሽን አስቀምጪ። አንዱን ታሪክ በአንድ ጊዜ ለሁለት የአገር ውስጥ ውድድር መላክም አልመክርም። የሥነ ጽሑፍ መንደሩ ጠባብ ነው። አንዱ ዳኛ ሁለቱም ጋ ሊቀመጥ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የመብቱን አንቀጽ ፈልጊ። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ የራስሽ ወጥ ሥራ ጽፈሽ ባስቀመጥሽበት ጊዜ ጥበቃ ያገኛል። ለዚህ ምዝገባ ግዴታ አይደለም። የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም ሥራውን የማባዛትና የመሸጥ መብት፣ በሕይወት ዘመንሽ ሁሉ፣ ከዚያም ለ50 ዓመት ይቆያል። እንግዲህ አንድ ማስታወቂያ «ለውድድር የገቡ ሥራዎች በሙሉ የአዘጋጁ ንብረት ይሆናሉ» ካለ የሚጠይቅሽ ይህን ሁሉ ነው። ያውም ከተሸናፊዎችም ጭምር። እንዲህ ያለውን እለፊው። የአሸናፊዎችን ሥራ በአንድ መድብል አሳትማለሁ ማለት ግን ሌላ ነው፤ የተለመደም ነው። «አልፈሻል፤ መድብሉ እንዲወጣ ግን ይህን ያህል ኮፒ ግዢ» የሚልሽ ከመጣ ደግሞ ውድድር አይደለም፣ ንግድ ነው።

ስለ ውጭ ውድድሮች አልጠየቅሽኝም፤ ነገር ግን ማስታወቂያቸው በየቴሌግራሙ ስለሚዞር ሁለቱን ላንሳ። የኮመንዌልዝ የአጭር ልብወለድ ሽልማት በየዓመቱ ሰው ያስጎመጃል። ክፍያ የለውም፣ ያልታተመ ሥራ ይቀበላል። ችግሩ የኮመንዌልዝ አባል አገሮች ዜግነት ይጠይቃል። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ አሉበት፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። የካናዳ ዜግነት ያላት የአክስትሽ ልጅ መላክ ትችላለች፤ አንቺ በኢትዮጵያ ፓስፖርት አትችዪም። ይህን ሳያዩ ታሪካቸውን ወደ እንግሊዝኛ ለማስተርጎም ወር የሚፈጁ ሰዎች አሉ።

የኬይን የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ለእኛም ክፍት ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ሜሮን ሀደሮ እ.ኤ.አ. በ2021 አሸንፋዋለች። አሠራሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የታተመ ሥራ ነው የሚፈልገው፤ የሚልከውም ጸሐፊው ሳይሆን አሳታሚው ነው። የሜሮን ታሪክም አስቀድሞ አሜሪካ ውስጥ በመጽሔት የወጣ ነበር። በእንግሊዝኛ ትርጉም የታተመ ሥራም ይገባል፤ ቢያሸንፍ ከሽልማቱ ለተርጓሚው ድርሻ አለው። ስለዚህ ለአንቺ መንገዱ ከውድድሩ አይጀምርም። ከተርጓሚና ከመጽሔት ይጀምራል። አንድ ነገር ልብ በዪ፤ አማርኛ በአንድ ቃል የሚለውን እንግሊዝኛ በአራት በአምስት ቃል ስለሚል፣ ታሪክሽ ሲተረጎም የቃሉ ቁጥር በጣም ያድጋል። የውጭ ውድድር የቃል ገደብን በአማርኛ ቃል እየቆጠርሽ አትለኪ።

የቀን ነገርም አለ። ማስታወቂያዎች ሲተረጎሙ ጃንዋሪ «ጥር» ተብሎ ይጻፋልና ጃንዋሪ 30 ጥር 30 ይመስላል። እውነተኛው ቀን ግን ጥር 22 ገደማ ነው። ስምንት ቀን አለኝ ብለሽ ስትተኚ አልፏል። ሰዓቱንም እዪ። በግሪንዊች ሰዓት ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ በፊት ማለት በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ይህ ለእኛ ትርፍ ነው፤ ግን እንቅልፍ አጥተሽ ኔትወርክ እስክትጠብቂበት አትድረሺ።

«ተስፋ» ለሚለው ውድድር ምን ታድርጊ? ያለቀውን አንዱን ታሪክ አውጪና ርእሱን ረስተሽ አንብቢው። ውስጡ የሚጠብቅ ሰው አለ? መጠበቁ ዋጋ ያስከፍለዋል? ካለ፣ ለርእሱ ይሆናል። «ተስፋ» የሚለውን ቃል ግን አታስገቢበት፤ ዳኛው ራሱ ያግኘው። ከሦስቱ ያላለቁት አንዱ ይበልጥ ከተስማማም አምስት ሳምንት ይበቃሻል። ሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት መጨረሻውን ጻፊ። ለዚያን ያህል ጊዜ የጠዋቱን ልብወለድ ማቆም ትችያለሽ፤ ሁለት ጥሬ ረቂቅ እንዳይሆንብሽ። ሁለት ሳምንት ይደር፤ በዚያ ጊዜ ወደ ምዕራፍ ሰባት ተመለሺ። የመጨረሻው ሳምንት ለእርማትና ለመላክ። አንዱም ካልሆነ እለፊው።

ታሪኩን ከመላክሽ በፊት አንድ ሰው ያንብበው፤ ጓደኛሽ ብቻ የሆነ ሰው ግን አይሁን። «ደስ ይላል» ከሚልሽ ይልቅ የት ጋ ስልኩን እንዳነሳ የሚነግርሽ ይጠቅምሻል። አዳማ ውስጥ የሚጽፉ ሁለት ሦስት ሰዎች ፈልጊ። በወር አንድ እሑድ ቡና እየጠጣችሁ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያዳምጣል። አዲስ አበባ ስትመጪ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ የመጽሐፍ ውይይት ካለ ገባ በዪ። በነፃ ነው፤ አርታኢም፣ ተርጓሚም፣ አሳታሚም የምታገኚው እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

«ደርሶናል እንኳ ያለኝ የለም» ስላልሽው፣ ልክ ነሽ፤ ነውር ነው። ግን የአገር ውስጥ ውድድር ብዙ ጊዜ የሚካሄደው ሌላ ሥራ ባላቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ነው። ዝምታውን ጽሑፍሽ ላይ እንደተሰጠ ፍርድ አትቁጠሪው። ደብተር ያዢ። የታሪኩን ርእስ፣ የውድድሩን ስም፣ የላክሽበትን ቀን፣ ውጤት የሚገለጽበትን ቀን መዝግቢ። ከላክሽ ከሳምንት በኋላ «ደርሷችኋል ወይ?» ብለሽ በአክብሮት አንድ ጊዜ ጠይቂ። ውጤት የሚገለጽበት ቀን አልፎ ዝም ካሉ «ሥራዬን ከውድድሩ አውጥቻለሁ» ብለሽ አጭር መልእክት ላኪ። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ነፃ ነው፤ አንድ ምሽት እንደገና አንብቢውና ለሚቀጥለው አዘጋጂው።